ለእማማ የሺ አልጋ ፍለጋ የሄድኩ ዕለት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከመሃል ተነስቼ ወደ ቤቴ የምገባ ሴት ነበርኩ። ጎረቤቶቼ ስለ ጥላ፣ ስለ ኮቴ ድምፅ፣ ስለማይታይ ነገር ሲያወሩ "በስመ አብ ብላችሁ ተኙ" እላቸው ነበር፣ እግዚአብሔርን አምናለሁ፣ መላእክቱንም አምናለሁ፣ ግን መላእክት ሥራ ፈትተው ሮቤ ከተማ ውስጥ ቤት ለቤት ይዞራሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ በውድቅት ሌሊት ሆነ ይባላል፣ የእኔ ግን በቀን ነው፣ ረፋድ ላይ፣ ዝናብ እያካፋ፣ አእምሮዬ በቦታው እያለ። እመኑኝ፣ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የብቸና ልጅ ነኝ፣ ጤና ረዳትነት ተምሬ እንደጨረስኩ ባሌ ጎባ ተመደብኩ፣ ዘመድ የለ፣ ወዳጅ የለ፣ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። አንዲት ክፍል ያከራዩኝ እማማ የሺ የሚባሉ ሴት ናቸው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ፍም የሞላ ምድጃ በሬ ላይ አስቀምጠው አገኘሁና ከዚያ በኋላ እናቴ ሆኑ፣ ሌላ ምን እላለሁ። አንድ ልጃቸው ግንባር ነው፣ ደብዳቤው ከቆመ ሰንብቷል። ሆዳቸው ውስጥ የነበረው እብጠት ሲብስባቸው ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ "ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ እንጂ ሌላ የምናደርገው የለም፣ ሰው አጠገባቸው ይኑር" አለኝ። ሰው! እኔ አንድ ቀን በቀን፣ አንድ ቀን በሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ጎረቤትም የአቅሙን ያህል ብቅ ይላል፣ ግን አንድ ቀን ስመለስ ስወጣ እንዳስተኛኋቸው በዚያው ጎናቸው ተኝተው፣ ከንፈራቸው ደርቆ አገኘኋቸው፣ "ማንንም እንዳላስቸግር ብዬ አልጠራሁም" አሉኝ። ያን ዕለት አለቀስኩ፣ አልቅሼም ቤት ፍለጋ ጀመርኩ።

ሮቤ ውስጥ አዴ ሞሚና የምትባል ሴት ነበረች፣ ሐኪም "ወደ ቤት ውሰዷቸው" ያላቸውን፣ ቤታቸው ግን የራቀባቸውን ወይም ቤት የሌላቸውን ሰዎች ተቀብላ እስከ መጨረሻው የምታስታምም። ስለ እሷ የሚወራው አንዱ ካንዱ አይገጥምም፣ ገሚሱ ጀነት ነው ይላል፣ ገሚሱ እዚያ የገባ አይወጣም ይላል፣ መቼም ለመውጣት ብሎ የሚገባ የለም። ነገሩን ለእማማ የሺ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፣ ቆይተው ግን፦

"አንቺ ራስሽ ያልተኛሽበት አልጋ ላይ እንዳታስተኚኝ" አሉኝ። "ማርያምን በዪ።"

"ማርያምን!"

"ድስቷንም እዪ። ጾሜን በመጨረሻዬ እንዳታስገድፈኝ።"

መሐላ መሐላ ነው። ፍልሰታ ገብቷል፣ ሥራ የሌለኝን ቀን ጠብቄ በማለዳ መኪና ተሳፈርኩ፣ ከሳነቴ ተራራ በኩል የወረደው ጉም መንገዱን ውጦት ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነው የሄደው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ስለምመለስበት ነው።

አዴ ሞሚና በር ላይ ተቀበለችኝ፣ ረጅም፣ ጮክ ብላ የምታወራ፣ ከእኔ ብትበልጥ በጥቂት። እጄን ስትጨብጠው በረዶ የነካኝ መሰለኝ።

"አካም ጅርታ፣ ሲስተር! ደነገጥሽ አይደል? የሞተ ሰው እጅ ነው ያለኝ ይሉኛል።"

"ኧረ ምንም አይደል፣ እርስዎ ደህና ነዎት?"

"አንቱ አትበይኝ፣ ታስረጂኛለሽ። ግቢ!"

ቤቱ ድሮ የነጋዴ ቤት ነበር፣ ወለሉ ሳንቃ ነው፣ ገና ከደጃፉ ስረግጥ አንዱ ሳንቃ ሲጢጥ አለ። ቶሎ በአእምሮዬ ያዝኩት፣ አየሽ፣ በሽተኛ የሚቀሰቅስ ወለል፣ እያልኩ። መስኮቱ አንዱ መስታወት ተሰብሮ ጨርቅ ተወትፎበታል፣ ከማድቤት ጭስ ይገባል፣ ብርድ ልብሱም ለባሌ አገር ብርድ ስስ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፣ እኔ ለሰው ፊት አላደላም፣ ለእማማ የሺ ነው የመጣሁት።

"ሳንቃውን ተዪው" አለችኝ። "ሌላው ልክ ነው። ሳንቃው ግን ሲጮህ ሰው እንደመጣላቸው ያውቃሉ። ብቻውን የተኛ ሰው ከዝምታ ሌላ የሚጠላው የለም።"

"ድስትሽስ?"

"ባለ ሰማያዊ ክዳኑ የጾመኞች ነው፣ ሥጋ ነክቶት አያውቅም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ "ለነገሩ ሥጋ ማን አይቶ ነው፣ ሲስተር? በዚህ ዘመን ሁላችንም ጿሚ ሆነናል!"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት በሽተኞች ነበሩ። አንደኛው ኦቦ አማን ናቸው፣ ሪራ በሚባል ቦታ ጫካ ውስጥ ማር ሲቆርጡ የኖሩ ሽማግሌ፣ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ሁለተኛዋ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው የስልጤ ነጋዴ እናት ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛሉ። እኔ እንዲህ ያለ ቤት ስገባ የማየው ፊት አይደለም፣ ፊት ይታጠባል፣ የማየው ተረከዝ ነው፣ ሰው ሳይገላበጥ ሲሰነብት መጀመሪያ የሚቆስለው ተረከዙና መቀመጫው ነውና። ገለጥኩ። ንጹሕ ነው፣ መቅላት እንኳ የለም። ጥፍራቸው ተቆርጧል፣ ከንፈራቸው ርጥብ ነው፣ ጉልበትና ጉልበታቸው እንዳይፋተግ መሃሉ የታጠፈ ጨርቅ ገብቷል። ልቤ ትንሽ ለሰለሰ።

"ኦቦ አማን፣ በደንብ ያስታምሙዎታል?" አልኳቸው።

"ሞሚና አፏ እሳት፣ እጇ በረዶ ነው" አሉ። "ሲመቻት ግን እጀ ሙቋ ትመጣለች። እሷ ስታገላብጠኝ እተኛለሁ።"

እጀ ሙቋ ያሏት ማድቤት ያለችው ረዳቷ ወይንሸት ናት ብዬ አለፍኩት።

ይህን ስንባባል የቀበሌው ጡሩምባ ተነፋ፣ ስብሰባ ነው። አዴ ሞሚና ሻሿን ጠበቅ አደረገች፣ ወይንሸትም ከማድቤት እጇን እየጠረገች ወጣች። "ሁለታችንም የየቤታችን ተጠሪ ነን፣ ከስብሰባ የቀረ የቀበሌ ስኳር አያገኝም። ወትሮ ጎረቤት ነበር የምንጠራው፣ ዛሬ አንቺ አለሽ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሪው፣ ፍየሏ ገብታ የበሽተኛ ምግብ ትበላለች" ብላኝ ሄዱ። ቀረቀርኩት፣ ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ ነው፣ በሁለት እጄ ገፍቼ ነው ያስገባሁት።

ሦስተኛው አልጋ ባዶ ነበር፣ በግድግዳው በኩል፣ ለእማማ የሺ የታሰበው። ጊዜው አሁን ነው አልኩ፣ ሰው እያየኝ አልጋ ላይ ከምጋደም። ነጠላዬን ቤተ ክርስቲያን የምሄድበት ስለሆነ እንዳይጨማደድ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ በጀርባዬ ተኛሁ። ፍራሹ ጭድ ነው፣ ግን አይኮሰኩስም። በሽተኛ ሆኜ ልየው ብዬ እግሬንም እጄንም ፈታሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ በልቤም የሐሙሱን ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። እንቅልፍ ወስዶሽ ነው የሚሉኝ አሉ፣ ወዳጆቼ፣ ጸሎቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድርሼዋለሁ፣ የተኛ ሰው አያደርስም።

መጀመሪያ የጣራው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ቀነሰ። ቀጥሎ ሳንቃው ሲጢጥ አለ።

መጡ አልኩ በልቤ፣ አፍሬም ልነሳ ስል መቀርቀሪያው ትዝ አለኝ። ፍየሏ? ፍየል በብረት ውስጥ አታልፍም። ባዶ እግር ነው፣ ቀስ ያለ፣ መንገዱን የሚያውቅ፣ ወደ ኦቦ አማን አልጋ ሄደ፣ የውኃው ጣሳ ቅጭል አለ፣ ሽማግሌውም እንደ ማንጎራጎር አድርገው "ረቢ ሲፍ ሃ ኬኑ" ሲሉ ሰማኋቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ ማለታቸው ነው። ወደ ነጋዴው እናትም ሄደ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ዓይኔን መግለጥ እችል ነበር፣ አልገለጥኩም፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የአልጋው ጠርዝ ሰጠም አለ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚሰጥመው። አንድ እጅ በትከሻዬ ሥር ገባ፣ አንዱ በዳሌዬ፣ ልክ እኛ በትምህርት ቤት እንደተማርነው፣ ግን በጣም በቀላሉ፣ ወደ ግድግዳው አዞረኝ። ጉልበቴ መሃል አንድ ለስላሳ ነገር ገባ። ርጥብ ጨርቅ ከንፈሬን ነካው፣ ግንባሬ ላይም እጅ አረፈ፣ ሞቃት ነው፣ ከምድጃ አጠገብ የተነሳ ሰው እጅ ይመስላል። እኔ ከብቸና ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሳገላብጥ ኖርኩ እንጂ እኔን ያገላበጠኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ በአፍንጫዬ ላይ አልፎ ትራሱን አራሰው። ፍርሃት አልነበረም፣ እመኑኝ፣ ፍርሃቱ የመጣው ጠርዙ ቀና ብሎ፣ ሳንቃው ደግሞ ሲጢጥ ብሎ፣ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

ብድግ አልኩ። መቀርቀሪያው እንዳስገባሁት አለ። ምስማሩ ላይ ግን ምንም የለም፣ ነጠላዬ ተጣጥፎ ጉልበቴ መሃል ነበር።

"ኦቦ አማን፣ ማነው አሁን የገባው?"

"እጀ ሙቋ ናታ!" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "አታውቂያትም እንዴ? አብራችሁ የምትሠሩ መስሎኝ።"

አዴ ሞሚና በር ስትደበድብ ዘልዬ ከፈትኩላት፣ ያለ ሰላምታ የሁለቱንም እጅ ያዝኩ፣ የእሷም የወይንሸትም እጅ በረዶ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ነጠላዬን አየች፣ አልሳቀችም።

"ውኃ ሰጠችሽ?"

"ጾም ነበርኩ እኮ!"

"ይህን እሷ በምን ታውቃለች!" አለችና ከዚያ ሳቅዋ መጣ፣ ሲያልቅ ግን ፊቷ ሌላ ሆነ። "ሲስተር፣ ይህን ቤት ከያዝኩ ጀምሮ አንድም ቀን አላየኋትም፣ ሳንቃውንም አልሰማሁም። እኔ ካለሁ አትመጣም። እነሱ ናቸው የሚነግሩኝ፣ እኔም እቀናለሁ።"

አሁን ምን ብዬ ልፍረድ? ከአስታማሚዎቹ የምትሻለዋን የቤቱ ባለቤት እንኳ አይታት የማታውቅበትን ቤት ደህና ነው እላለሁ? ከዚያ ስታስቡት ደግሞ የባሰ ጥያቄ አለው፣ እሷ ማን ናት፣ ከየትስ ነው የምትመጣው፣ ባትመጣስ? እዚያው በር ላይ ቆሜ አሰብኩ፣ የማልመሰክርበትን ትቼ በዓይኔ ባየሁት ልመስክር አልኩ፣ ተረከዙ ንጹሕ ነው።

"መስኮቱ ይሠራ" አልኳት። "ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይጨመር። ደግሞ ለስብሰባ አንዳችሁ ስትሄድ አንዳችሁ ትቅር።"

"ለቀረችው ስኳሯን አንቺ ትሰጪያለሽ?"

"የእኔን ድርሻ ውሰጂ።"

"እንግዲያው ሻይ የማይጠጡ ከሆነ ብቻ ነው እማማሽን የምቀበለው" አለችኝ፣ እንዲህ ተስማማን።

ከንፈሬ ላይ የነካኝ ውኃ እረፍት ነሳኝና ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። "ማን እንዳጠጣሽ ካላወቅሽ እኔ ምን ብዬ ቀኖና ልስጥሽ? ሂጂ፣ በሽተኛሽን አስታሚ" አሉኝ።

እማማ የሺ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ተኛሽበት?" "ተኝቼበታለሁ" አልኩ፣ ሌላውን አልነገርኳቸውም፣ ማርያምን፣ ትንፍሽ አላልኩም። ወሰድኳቸው። መስኮቱ ተሠርቶ ነበር፣ ባለ ሰማያዊ ክዳኑ ድስትም ምድጃ ላይ ነበር። ባረፍኩ ቁጥር እየሄድኩ አየኋቸው፣ ከአዴ ሞሚና ጋር ሲጣሉና ሲሳሳቁ፣ ኦቦ አማን ስለ ንብ ሲያወሩላቸው፣ ፊታቸው የማላውቀው ዓይነት ዕረፍት ይዞት። አንድ ማለዳ ገና ከመግባቴ እጄን ያዙና ሳሙት።

"ማታ አብረሽኝ ስላደርሽ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። እጅሽ እንዴት ይሞቃል!"

እኔ ያን ሌሊት ጎባ ተረኛ ነበርኩ። አልነበርኩም ልላቸው ስል ተውኩት፣ ብርድ ልብሳቸውን አስተካከልኩላቸው።

ያረፉትም እዚያው ነው። አዴ ሞሚና ውኃ ልትቀዳ ወጥታ፣ ወይንሸት ማድቤት ሆና፣ ሞሚና ከውኃ ስትመለስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ነጠላቸው ተጣጥፎ ጉልበታቸው መሃል ገብቶ፣ ከንፈራቸው ርጥብ ሆኖ አገኘቻቸው። ልጃቸው ከግንባር በሕይወት ሲመለስ ይህንን ነው የነገርኩት፣ ብቻቸውን አልነበሩም አልኩት።

ወደ አገሬ የሚወስድ ዝውውር አንድ ጊዜ ደርሶኝ ይቆይልኝ ብያለሁ፣ ዛሬም ጎባ ነኝ። ዘመዱን የሚያስታምምለት ቤት የሚፈልግ ሰው ሲያማክረኝ ተረከዛቸውን እዩ፣ ከንፈራቸውን እዩ፣ ከዚያ አልጋው ላይ ተኙና ዓይናችሁን ጨፍኑ እላለሁ፣ የቀረውን አልናገርም። የምኖረው ብቻዬን ነው። የቤቴ ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ማንም ቢረግጠው ድምፅ አያወጣም። ቢሆንም ማታ ጸሎቴን አድርሼ ስተኛ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ከኋላዬ ጠርዙ ላይ አንድ ሰው የሚቀመጥበት ያህል ቦታ እተዋለሁ።