አምስት እግር ያላት በግ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ጆሮ ያለው ጆሮውን፣ የሌለው የጎረቤቱን ይዞ ይምጣ።

መንዝ ውስጥ አንድ መንደር አለ። ብርዱ! ብርዱ! ሰው «እንደምን አደራችሁ» ሲል፣ ቃሉ በረዶ ሆኖ እግሩ ላይ ዱብ ይላል።

እዚያ መንደር ምንጣፍ የሌለው ሰው እግሩን መሬት አያሳርፍም። እንደ ፌንጣ እየዘለለ ይኖራል!

ብርቄ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ዘውገ ከበግ ጠጉር ምንጣፍ ይሠራል።

ምንጣፉ ሲወፍር! አንድ ጊዜ ዶሮ ውስጡ ገብታ ሦስት ቀን ጠፍታለች።

ቤታቸው ውስጥ የበር መቃን የሚመስል ትልቅ እንጨት ቆሟል። ከላይ እስከ ታች ክር ተወጥሮበታል።

ብርቄ የክሩን ቀለም ትጠራለች። አባቷ ይቋጥራል፤ በብረት ማበጠሪያም ይመታዋል።

«ነጭ! ነጭ! ጥቁር!» ትላለች ብርቄ።

«ዷ! ዷ! ዷ!» ይላል ማበጠሪያው።

ይህ ምንጣፍ የአክስቷ የየሺ ነው። የሺ እሑድ ትዳራለች። ሙሽራ አዲሱ ቤቷ የምትገባው ምንጣፏን ይዛ ነው።

«መሃሉ ላይ ጥቁር በግ ትኑርልኝ» ብላለች የሺ። «ኮራ ያለች፣ የምታምር!»

ምንጣፍ እንደ ልጅ ከታች ወደ ላይ ነው የሚያድገው። ስለዚህ መጀመሪያ የበጓ እግሮች መጡ።

«ነጭ! ነጭ! ጥቁር!»

«ዷ! ዷ! ዷ!»

ድንገት የቤታቸው ድመት የክሩን ልቃቂት አገኘች። ተንከባለለች! ተጠቀለለች! ጅራቷ ብቻ ቀረ።

ብርቄ ሳቀች፣ ሳቀች። አራቱንም እግር ጠርታ ጨርሳ ነበር። እየሳቀች ግን «ጥቁር!» ብላ ደገመች።

አባቷ ደግሞ የተጠራለትን ይቋጥራል። «ዷ! ዷ! ዷ!» ከዚያ በላይ ያለውንም ረድፍ ሁሉ በዚያው ልክ ሠራው።

አመሻሽ ላይ ወደ ኋላ ብሎ አየ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... አምስት? ይህቺ በግ ናት ወይስ ሸረሪት?»

የብርቄ ፊት ጋለ። ከድመቷ ጋር ክሩ ውስጥ መደበቅ አማራት። ግን አልተደበቀችም።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። ድመቷን እያየሁ አንድ ጥቁር አብዝቼ ጠራሁ።»

አባቷ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «እሑድ ከነገ ወዲያ ነው። ፈትተን እንደገና ብንጀምር አይደርስም።»

«እማማ ጦቢያስ?» አለች ብርቄ።

እማማ ጦቢያ በየሰርጉ ምንጣፍ የሚመረምሩ አሮጊት ናቸው። ሦስት ተራራ ማዶ ያለች ቁንጫ ስታዛጋ ያያሉ! እሳቸው ካዩትማ፣ የሺ እስክታረጅ ይሳቅባታል።

ብርቄ ምንጣፉን አየች። አንገቷን ወደዚህ ጣለች። ወደዚያ ጣለች።

ደጅ ላይ «ባአአ!» የሚል ድምፅ ሰማች። አንድ ግልገል ከእናቱ ኋላ ቆሟል። የሚታየው ጭንቅላቱና አንድ እግሩ ብቻ ነው።

«አባዬ! አምስተኛው እግር የበጓ አይደለም!»

«ታዲያ የማን ነው? የእኔ ነው?»

«የግልገሏ ነው! ከኋላዋ ሆኖ አጮልቆ ያያል!»

አባቷ ሳቀ። ከሳቁ የተነሳ ጣሪያው ተነስቶ ጎረቤት ሊሄድ ነበር! «አንቺ ጉደኛ! በይ ጥሪ። ድመቷ ግን ትውጣልን!»

«ነጭ! ነጭ! ጥቁር!»

«ዷ! ዷ! ዷ!»

እሑድ ደረሰ። የሺ ምንጣፏ ላይ ቆመች። እማማ ጦቢያ ጎንበስ አሉ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... አምስት!»

ሰዉ አንገቱን አሰገገ። ከበሮው ቆመ። ብርቄ የአባቷን ጋቢ ጭብጥ አደረገች።

«ቆይ፣ ቆይ! ይሄ ደግሞ ማነው የሚያየኝ?» አሉ እማማ ጦቢያ። ከበጓ ጎን አንድ ትንሽ ጭንቅላት ብቅ ብሏል።

«እልልልል! ውለጂ፣ ክበጂ ልጄ! ምንጣፍሽ እንኳ ቀድሞሽ ወልዷል!»

ሰዉ ሁሉ እልል አለ። ከበሮውም «ድም! ድም!»

የሺ ብርቄን ብድግ አድርጋ ሳመቻት። «ማን አሰበው፣ እናቴ?»

«ድመቷ ጀመረችው፤ እኔ ጨረስኩት» አለች ብርቄ።

ማታ ብርቄ በተረፈው ጠጉር ላይ ጋደም አለች። ድመቷ እግሯ ሥር ጥቅልል አለች። አባቷ ጋቢውን ደረበላት።

«ነጭ... ነጭ...» አለች ብርቄ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

የቀረውን እናንተ ጥሩላት። ቀስ ብላችሁ ግን! እንዳትነቃ።