ባለቤት ሳይቀምስ

«ቅጂለት እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ?» አሉ አጎቷ አያ ክንዱ።

ውዳሴ የአረቄውን ጠርሙስ እንደያዘች አባቷ ፊት ቆማለች። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ቤታቸው የሚካኤል ማኅበር ተራው የእነሱ ነው፤ ማኅበርተኛው መደቡ ላይ ተደርድሯል። ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም። ስለዚህ የመጀመሪያዋ መለኪያ የአባቷ የአቶ ቢሆነኝ ናት፤ የምትቀዳውም የቤቱ ልጅ። አገሩ እንዲህ ነው፤ አገሩ ደግሞ ታመሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ውዳሴ ከተናደደች ሰነባብታለች። ማክሰኞ ዕለት አባቷን ይዛ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሄዳ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሆዳቸውን በቆረጣቸው ቁጥር አያ ክንዱ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ ያመጡላቸዋል። አባቷ ይጠጣሉ፣ ለጊዜው ይደነዝዛሉ፣ ከዚያ እጥፍጥፍ ብለው ያቃስታሉ። ሐኪሟ በአልትራሳውንድ ካየቻቸው በኋላ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳቻቸው። የቆሽታቸው ቱቦዎች እዚህ ጠበዋል፣ እዚያ ተለጥጠዋል፤ ውስጣቸውም ጠጠር ሠርቷል። ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽ የሚያመነጨው ለስላሳ ሥጋ እየሞተ በቦታው ጠባሳ ተተክቷል። ጠባሳው ተመልሶ ሥጋ አይሆንም አለች፤ የቀረውን ማትረፍ ግን ይቻላል፣ ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ መጠጥ ካልቀመሱ።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ አባቷ፣ ለእናትሽ ጨጓራ ነው በያት ብለው ለመኗት። በመጠጥ ታመመ መባልን ፈርተው ነው። እሷም ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች። ከሁሉ የሚያንገበግባት ይህ ነው። አባቷ ላይ ትቆጣለች፣ አያ ክንዱ ላይ ትቆጣለች፤ ዞራ ዞራ ግን ራሷ ላይ ነው የምትመጣው።

አሁን አያ ክንዱ፣ ጨጓራን እንደ አረቄ የሚያጥብ የለም እያሉ ለማኅበርተኛው ያስረዳሉ። ፋራ፣ አለች በልቧ። አባቷ ባዶ መለኪያዋን እንደያዙ ላብ ያወዛውን ፊታቸውን ቀና አድርገው አዩዋት። ቅጂና ይለፍልኝ የሚሉ ይመስላሉ።

«አባየ፣ ለአንቱ አልቀዳም።»

 እናቷ ወይዘሮ አቻምየለሽ ከጓዳ ብቅ አሉ። አያ ክንዱ፣ ይቺ ልጅ ተማርሁ ብላ ልታዋርደን ነው ወይ ብለው ጠርሙሱን ሊነጥቋት እጃቸውን ዘረጉ። ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

«ጨጓራ አይደለም። እኔ ነኝ የዋሸሁ» አለች። «ቆሽታቸው ነው የታመመ። ቱቦው ጠጠር ሞልቶታል፣ ሥጋው ጠባሳ ሁኗል። ከጠጡ የቀረውም ያልቃል። አያ ክንዱ፣ አንቱ መድኃኒት ብለው የሚያመጡላቸው ነው የሚገድላቸው።»

 እናቷ የጓዳውን መቃን ይዘው ባላቸውን ብቻ ያያሉ። አባቷ አቀረቀሩ፤ ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል። ምናልባት ከእንግዲህ አያናግሯት ይሆናል። ይሁን፣ አለች ውዳሴ በልቧ፤ በሕይወት ኖረው ያኩርፉኝ።

ጠርሙሱን ለእናቷ ሰጠች። መለኪያዋን ከአባቷ እጅ ወስዳ ከእንስራው ውሃ ቀዳችባት። ከዚያም ተንበርክካ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

«ይኸን ይቅመሱ።»

አባቷ አልተቀበሏትም። ማኅበርተኛው ይጠብቃል። ክንዷ ዛለ፤ ውዳሴ ግን እጇን አላጠፈችም።