ፊውዙን የያዘችው

ኮረንቲ ሠራተኛው ወደ ልብስ ሰፊው ቤት የመጣው ረቡዕ ጠዋት ነበር። የሱቁ ሽቦ ተቃጥሏል። ሙሉውን ለመቀየር ሦስት ቀን ጠየቀ፤ ልብስ ሰፊውም እያጉረመረመ ተስማማ።

የልብስ ሰፊው ልጅ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ስትል መብራት የለም። ቆጣሪው ጋ ሄዳ አየች። የፊውዙ ቦታ ባዶ ነው።

«ፊውዙ የት ሄደ?» አለች ኮረንቲ ሠራተኛው ወደ ቆመበት መሰላል አንጋጣ።

«ኪሴ ውስጥ።»

«ማን ይሰርቅሃል?»

«ሌባ አይደለም የምፈራው፤ የሚቸኩል ሰው ነው። ሽቦው ላይ ያለው የእኔ እጅ ነው፤ ስለዚህ ፊውዙም እኔ ጋ ይቀመጣል።»

 ልጅቷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን አንስታ አንድ መስመር ጻፈች። ኮረንቲ ሠራተኛው ወደ ታች አየ፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ምን ጻፍሽ? ልትከሺኝ ነው?»

«ሦስት ሳምንት የፈለግሁትን መልስ።»

አባቷ ያመጣላት የኮሌጁ ማመልከቻ «ይህን ትምህርት ለምን መረጡ?» ይላል። የመረጠችው ፖለቲካል ሳይንስ ነው። የጻፈችውን አነበበችለት፦ «ሽቦውን የሚይዙት አንዶቹ፣ ፊውዙን የሚይዙት ሌሎች የሆኑት ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

 ኮረንቲ ሠራተኛው ከዚያ በኋላ አንዱን ሽቦ ሦስት ጊዜ ለካው።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት የጨርቅ ጥቅል ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ኮረንቲ አትፈራም?» አለችው።

«በጣም እፈራለሁ። በሕይወት ያለሁትም ለዚያ ነው።»

ሳቀች። እሱ ግን የሳቀችበትን ፊት እያየ መሳቅ ረሳ።

ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ የወላጅ ፊርማም ይፈልጋል። ሐሙስ ከሰዓት ለአባቷ አቀረበችለት።

«ይሄ ሁሉ ውጤት እያለሽ?» አለ ልብስ ሰፊው። «ፋርማሲ ግቢ። ነጭ ጋውንሽን ራሴ እሰፋልሻለሁ።»

«አባዬ፣ እኔ የምፈልገው…»

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው!»

ከመሰላሉ ጫፍ ድምፅ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ ልውረድ እንዴ?»

«አንተ ሥራህን ሥራ!»

ከበሩ ጀርባ፣ ሚስማር ላይ፣ እጅጌ የሌለው ግራጫ ኮት ተንጠልጥሏል። ልብስ ሰፊው ለታናሽ ወንድሙ መስፋት የጀመረው ነው። ወንድሙ በፋብሪካው ስብሰባ ላይ ስለ ባልደረቦቹ መብት ተናገረ፤ በሳምንቱ ከሥራ ተባረረ፤ ከዚያ ወጥቶ አልተመለሰም። ኮቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እጅጌውን ይጠብቃል።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷ ማመልከቻዋን ስትከፍት በመጀመሪያው ምርጫ ሣጥን ውስጥ በአባቷ እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም «ፋርማሲ» ተጽፏል፤ ሥሩም ተፈርሟል። ሥርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ደግሞ ኮሌጁ አይቀበልም።

ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችው።

«አብደሻል!» አለ አባቷ።

«አላበድኩም። ዓመት እቀመጣለሁ። በዓመቱም ይሄንኑ እጽፋለሁ፤ በሚቀጥለውም።»

«እሺ፣ ጠበቃዋ!» ልብስ ሰፊው ወደ መሰላሉ ዞረ። «አንተም መብራቱን ልቀቅልኝ፤ ካውያዬ ቀዘቀዘ!»

«ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ። መጨረሻዋን ሽቦ ልግጠም።»

ኮረንቲ ሠራተኛው ግን ሽቦዋን ከመያዙ በፊት ወረደ። ፊውዙን ከኪሱ አወጣና ልጅቷ መዳፍ ላይ አኖረው።

«ለማንም ሰጥቼ አላውቅም» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። ተመልሶ ወጣና ባዶ እጁን ሽቦው ላይ አሳረፈ።

መዳፏን ጨበጠች። ፊውዙ የኪሱ ሙቀት ነበረው።

ልብስ ሰፊው እጁን ዘረጋ። «አምጪው።»

«እጁ ሽቦ ላይ ነው።»

«ቤቱ የእኔ ነው!»

«ቤቱ ያንተ ነው፤ እጁ ግን የእሱ ነው።» ጭብጧን አጠበቀች። «አባዬ፣ ያኔ አጎቴ ሲናገር፣ ፊውዙን ማን ያዘለት?»

የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ልብስ ሰፊው ኮቱን አየ። መሰላሉ ላይ ያለውን ወጣት አየ። የሴት ልጁን የተጨበጠ እጅ አየ።

ወደ መደርደሪያው ሄዶ የአዝራር ቆርቆሮውን አነሳ። ከሥሩ ያልተጻፈበት ማመልከቻ አወጣ።

«ሁለት ነበር ያመጣሁት» አለ እስክሪብቶ እየፈለገ። «ልብስ ሰፊ ትርፍ ሳይዝ አይቆርጥም።»

ፈረመ። «እንደ አጎትሽ ብትጠፊብኝ ግን አልምርሽም።»

«አልጠፋም። እዚሁ ሆኜ ነው የምጨቀጭቅህ።»

ማመልከቻውን ሞልታ ሮጠች። አሥር ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር።

ስትመለስ ሊመሽ ነው። ኮረንቲ ሠራተኛው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ ልብስ ሰፊው ከውስጥ ቀዝቃዛ ካውያውን አቅፏል።

«ማመልከቻሽን ተቀበሉሽ?» አላት ኮረንቲ ሠራተኛው።

«ተቀበሉኝ!»

«እኛን ግን ጨለማ ውስጥ ጥለሽን ሄድሽ።»

ያኔ ነው እጇን ያየችው። ፊውዙ አሁንም እዚያው ነው፤ ጨብጣው ሮጣ፣ በሌላው እጇ ፈርማ፣ ጨብጣው ተመልሳለች። ዘረጋችለት። እሱ ፊውዙን ከነእጇ ያዘ። እሷም አላስለቀቀችም።

«ትምህርቱ አራት ዓመት ነው» አለች።

«ግድ የለም። የዚህን ቤት ሽቦ በየሳምንቱ መጥቼ ካላየሁት ዋስትና አልሰጥም።»

ከውስጥ የልብስ ሰፊው ድምፅ ተሰማ። ለኮቱ ነው የሚናገረው። «ሰማህ ወንድሜ? ዕድሜዬን ሙሉ ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ስል ኖሬ፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ከነጫማቸው ቤቴ አስገባሁ!»

መብራቱን ለማብራት ግን ማንም አልቸኮለም።