ቀማሹ ሳይቀምስ

ሦስተኛውም ስክሪን ጠቆረ።

ሚጢጢ እጇን እሳት የነካች ይመስል ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። በስክሪኑ ግራ ጥግ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሌላ ምንም የለም።

«ቆየት ብሎ ይነሳል» አለ ሬዲዮ። አፉ ስለማይዘጋ ክፍሉ በሙሉ የሚጠራው እንዲህ ነው።

«ስለ ሁለቱም እንዲሁ ብለህ ነበር።»

በኮምፒውተር ክፍሉ ሊኑክስ በሚባል ሶፍትዌር የሚሠሩ ሃያ ኮምፒውተሮች አሉ። ነገ ጠዋት የማጠቃለያ ፈተናው የሚሰጠው በእነሱ ነው። ቲቸር የክፍሉን ቁልፍ ለሚጢጢ ሲሰጣት አንድ ሕግ አብሮ ሰጥቷታል፤ ሶፍትዌሮቹ ሲታደሱ መጀመሪያ የሚታደሰው በሩ ሥር ያለው አሮጌ ማሽን ነው። ስሙም ቀማሹ ነው። ቀምሶ፣ ጠፍቶ፣ በሰላም ከተነሳ ሌሎቹ በማግስቱ ይከተላሉ። ንጉሥ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ አይበላም።

ዛሬ ግን ሬዲዮ «ሁሉንም ባንዴ? አትችይም ባክሽ» አላት። እሷም የቲቸር ወንበር ላይ ጉብ ብላ ሃያውንም የሚያድስ አንድ መስመር ትዕዛዝ ጻፈች። የዓለም ኢንተርኔት በሙሉ በዚያች ቀጭን ሽቦ የገባ ይመስል ሃያውም አንድ ላይ አጓሩ። ለአንድ አፍታ ከእሷ የሚበልጥ መሐንዲስ በምድር ላይ አልነበረም። ከዚያ ልትሞክራቸው ሦስቱን አጥፍታ አስነሳች።

የቀሩት አሁንም ይሠራሉ፤ የሚሠሩት ግን ስላልጠፉ ብቻ ነው። ብልሽቱ ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጦ መጥፋታቸውን ይጠብቃል። እንደበሩ ካደሩ ቲቸር ወደ ቀድሞው ሊመልሳቸው ይችላል። ከጠፉ ግን...

ኮሪደሩ ላይ የቁልፍ ዘለላ ተንቀጫቀጨ። ዘበኛው ናቸው፤ ትምህርት ሲያልቅ በየክፍሉ እየዞሩ ዋናውን የኤሌክትሪክ ማጥፊያ ጠቅ ያደርጋሉ።

ሬዲዮ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከተወለደ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። «ስሚ፣ ዝም በይ። እሳቸው ያጠፉታል፤ ነገ አንዱም አይነሳም። መብራት ነው ያቃጠላቸው እንላለን። ማን ያውቃል?»

«ፈተናውስ?»

«ፈተናው ይቅርብሽ። ቲቸር ቁልፉን ቢቀማሽ ይሻላል?»

ውሸቱ በልኳ የተሰፋ ልብስ ነበር፤ አንዲት ክር እንኳ አልጎደለችውም። የበለጠ ያስፈራትም ይኸው ነው። ቲቸር መዳፉን ዘርግቶ ቁልፉን ሲጠብቅ ታያት።

በሩ ተከፈተ።

«እናንተ ልጆች፣ ቤት የላችሁም እንዴ? እናቶቻችሁ እኮ እኔን ነው የሚቆጡት።» ዘበኛው ፈገግ እንዳሉ እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ላኩ።

ሬዲዮ ጫማውን ማጥናት ጀመረ።

ሚጢጢ ተነሳች። ከወንበሩ እስከ ግድግዳው ያለው መንገድ ከአገር አገር ያህል ረዘመባት። ደርሳ መዳፏን ማጥፊያው ላይ ጫነች።

«አባባ፣ አያጥፉት።»

«ምነው ልጄ?»

«ከጠፉ አይነሱም። ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ። የቲቸር ስልክ አለዎት?»

ዘበኛው አንዴ እሷን፣ አንዴ የጠቆሩትን ስክሪኖች አዩ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ለቲቸር ደወሉ።

ስልኩ ይጠራል። ሚጢጢ መዳፏን ከማጥፊያው ላይ አላነሳችም።