ግማሹ ዘይት

«ጆይሊን፣ ምን ይገትርሻል? ፀሐይዋ እኮ አትጠብቀንም!»

አያቷ አባባ ሂቫ ጀልባዋ ውስጥ ሆነው የሞተሩን ገመድ ያዙ። ዓርብ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ በማሮቮ ባሕር ላይ ከመንደራቸው ሰው ሞተር የሚያስነሳ የለም። አክስቷ ኦልጋ ከክሊኒክ ወደ ቤት የምትወስደውን አራስ ልጇን ታቅፋ መሀል ላይ ተቀምጣለች።

ሞተሩ ከጆይሊን አባት በዕድሜ ይበልጣል። ለሃያ አምስት ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት ካልተደባለቀለት አይሆንለትም፤ የአሁኖቹ ግማሹ ይበቃቸዋል። ሲጨስ ደግሞ አይጣል ነው! ባለፈው ሳምንት የአጎቷ ልጅ ሬክሰን ወደቡ ላይ «ማድ ቤታቸው መጣ!» ብሎ የክፍሏን ልጆች ሁሉ አስቆባታል። ስለዚህ ዛሬ አያቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ ደባልቂው» ሲሏት፣ የቤንዚኑ ጀሪካን ውስጥ ልክ እንደ አዲስ ሞተር ግማሹን ብቻ ጨመረች። የተረፈውን ዘይት ከነጠርሙሱ ቦርሳዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

ሞተሩ ተነሳ። ጭሱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

«አየሽ ኦልጋ? ለእኔ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም፤ የዚች ልጅ እጅ የተባረከ ነው!» አሉ አያቷ። «ነይ የኔ ልጅ፣ መሪውን ያዢ። ክፍቱን ባሕር ዛሬ አንቺ ነሽ የምታሻግሪን።»

ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቃዋለች! መሪውን ያዘች፤ ጆሮዋ ግን ሞተሩ ላይ ነበር። ዘይት ያነሰው ሞተር ውስጡ ይፋጭና ግሎ ድርቅ ብሎ እንደሚቆም ታውቃለች። «ምንም አይሆንም፣ ቅርብ ነው» አለች በልቧ። ባሕራቸውን ከክፍቱ ባሕር ከሚከልለው የኮራል ድንጋይ ማዶ ማዕበሉ ሲነሳ ታየ። የሞተሩም ድምፅ የቀጠነ መሰላት። ሕፃኑ አዛጋ።

ሞተሩን አጠፋችው።

«ምነው?»

«አባባ... ዘይቱን አጉድዬበታለሁ። ጭሱ አሳፍሮኝ ነው።» ጠርሙሱን አውጥታ ዘረጋችላቸው።

ሽማግሌው ጠርሙሱን አዩ፤ ቀጥሎ ሕፃኑን አዩ። አልተቆጡም። ዘይቱን እስከ ጠብታው ገልብጠው ጀሪካኑን በደንብ ናጡትና ገመዱን ሳቡ። ሰማያዊ ጭስ ጀልባዋን ዋጣት።

«ኧረ ልጄን አፈናችሁት!» አለች ኦልጋ እየሳለች።

ሬክሰን በአዲሱ ሞተሩ አፍንጫውን ይዞ በአጠገባቸው አለፈ። ጆይሊን አንገቷን አልደፋችም።

መሪውን አያቷ ይዘውታል። እሷም «ስጡኝ» አላለችም። ወደ ፊት ሄዳ ተቀመጠችና፣ የተደበቀ ድንጋይ ካለ በእጇ ልታመለክታቸው ውሃውን መመልከት ጀመረች።