አቡጀዲ ላይ የወደቀው ፈረሰኛ

«ቅቤ ቀቢው አልኩሽ እኮ! ቅቤ ያላላላው ነገር በጎጃም ምድር የለም።»

እናኑ ይህን ስትል በቅጠል ጠቅልላ ያመጣችውን ቅቤ በአውራ ጣቷ ዛቅ አድርጋ ነበር። ናዚፋ እጇን ይዛ ባታስቀራት ኖሮ የሲኒማው መኪና እንደ ሙሽራ ጸጉር ሊቀባ ነበር።

«አንች ልጅ፣ ይሄ ራስ አይዶል! ቅቤ ከገባበት ፊልሙ ያንሸራትተዋል። የልብስ ሰፊውን ዘይት አምጭ አልኩሽ እንጂ ቅቤ መቼ አልኩሽ?»

«ሰፊው የለም። ቅቤው ግን አለ» አለች እናኑ፣ ጣቷን እንደ ትልቅ ማስረጃ ከፍ አድርጋ።

ሁለቱ ጓደኛሞች አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። የተቀመጡት ቡሬ ገበያ ዳር፣ በናዚፋ አባት በነጋዴው በኢስሃቅ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በአሞሌ ጨው ክምርና በአቡጀዲ ጣቃ መካከል ነው። ፊታቸው ላይ ያለው ጥቁር መኪና ከቡና ሙቀጫ ብዙም አይበልጥም። ጎኑ ላይ የሚዞር እጀታ፣ ፊቱ ላይ አንዲት የመስታወት ዓይን አለችው። አቧራና የደረቀ ዘይት ስላነቀው እጀታው ንቅንቅ አልል ብሏል።

መኪናው የጣሊያኑ ሐኪም ነበር። ሰውየው የፊት ለፊቱን ክፍል ተከራይቶ ሲኖር በሽተኛ ከማየት ይልቅ ፊልም ማንሳት ይቀናው ነበር። ዶሮ ያነሳል፣ በሬ ያነሳል፣ የራሱን ውሻ ሲያዛጋ ያነሳል። ፊልሙ አስመራ ታጥቦ ሲመለስ ግድግዳ ላይ ያሳያል። አቡጀዲውን ወጥራ የምትይዝለት ናዚፋ ስለነበረች ፊልሙን እንዴት እንደሚያጎርሰው በዓይኗ ለምዳዋለች። ሐኪሙ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር አምፖሉ የተቃጠለበትን መኪና ለአባቷ ትቶላቸው፣ ፊልሞቹን በጣሊያኖቹ ጽሕፈት ቤት አስቀምጦ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ የጣሊያኑ አዛዥ የካፒቴኑ አስተርጓሚ ሃይለ ሚካኤል አንድ ክብ ቆርቆሮ በብብቱ ይዞ መጣ። ከጣሊያን ጦር ጋር ከሰሜን የመጣ፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው።

«አባትሽ አሉ?»

«ደንበጫ ሄደዋል። ነገ ነው የሚመለሱት፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አንቺው ሥሪው። ካፒቴኑ ያስመጣው ትልቁ መኪና ይህን ፊልም አልቀበል አለ። ገና ሲጀምር ጫፉን አኝኮ ተፋው።»

ናዚፋ የታኘከውን ጫፍ አይታ ፈገግ አለች። የትልቁ መኪና ጥርስ ግራና ቀኝ ነው፤ የዚህ ፊልም ቀዳዳ ደግሞ መሐል ለመሐል የተበሳ። ቁልፉ ዳር፣ ቀዳዳው መሐል የሆነ ቀሚስ እንዴት ይቆለፋል? ስፋቱም ቢሆን አይገጥምም፤ ፊልሙ ከትንሽ ጣት አይሰፋም።

«ጠራርጊና ፊልሙን መጎተቱን አረጋግጪ። አምፖሉን እኛ እናደርግለታለን» አለ ሃይለ ሚካኤል። «ነገ፣ በገበያው ዋዜማ፣ ካፒቴኑ ለሕዝቡ በነጻ ያሳያል። ሐኪሙ ያነሳውን የጥምቀቱን ጉግስ ለማየት በጣም ጓጉቷል። ፈረሰኞቹን።» ከሰዓት እንደሚመለስ ነግሯት ወጣ።

ፈረስ ይወዳል ማለት ነው፣ ብላ አሰበች ናዚፋ። ከዚያም እናኑን ልትጠራ ሮጠች፤ ምክንያቱም በጥምቀቱ ጉግስ ላይ እንዳለው የሚባለው የእናኑ ወንድም ነበረበት።

እንዳለው ከጥምቀት በኋላ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገብቷል። ካፒቴኑ ስሙን ሰምቶታል፤ የፈረስ ስሙን «አባ መብረቅን»ም ሳይቀር ያውቃል፤ መልኩን ግን አይቶት አያውቅም። ኬላው ላይ የቆሙት ወታደሮችም የሩቅ አገር ሰዎች ስለሆኑ አያውቁትም። እንዳለው ይህን ተማምኖ በሚመጣው ገበያ ጨው ነጋዴ መስሎ ሊገባ ነው። ለቁስለኞች መድኃኒት ሊወስድ። እናቱ እትዬ አቻምየለሽ ስታየው እንዳትጠራው፣ እንዳታለቅስ፣ ዞር ብላም እንዳታየው ተልኮባታል። «ለልጄ ስል ድንጋይ እሆናለሁ» ብላ ማርያምን ጠርታ ምላለች። ይህን ምስጢር የሚያውቁት እሷና ሁለቱ ልጆች ብቻ ናቸው።

«እንዳለው ጉግሱን ያሸነፈ ዕለት ፈረሱ በአየር ላይ ነበር የሚሄደው» አለች እናኑ፣ ቅቤውን ሳትወድ ወደ ቅጠሉ እየመለሰች። «ሦስት ሰው ነው ያወረደ!»

«ባለፈው ሁለት ብለሽኝ ነበር።»

«አንዱ ዘግይቶ ነው የወደቀ።»

ናዚፋ በላባ አቧራውን ጠረገች፣ የደረቀውን ዘይት በጨርቅ አሻሸች፣ ከመብራቱ ጠርሙስ ጥቂት ላምባ አንጠበጠበች። እጀታው ተንቋቋና ዞረ። ፊልሙን አጎረሰችው። ትንሿ ጥፍር የመሐሉን ቀዳዳ ስትይዝ ስትለቅ፣ ስትይዝ ስትለቅ ጥቂት ሄደችና ሳተች። ናዚፋ ከንፈሯን ነክሳ አሰበች። ሐኪሙ ፊልሙን እንዲህ እንደ ክራር ጅማት አይወጥረውም ነበር። ከላይም ከታችም ጉብ አድርጋ ላላ ስታደርግለት መኪናው ጥርት ያለ ድምፅ እያሰማ ይጎትት ጀመር።

«ይኸው ጎተተ። በቃ፣ የታዘዝነው ይሄው ነው» አለች።

ተያዩ። የታዘዙት ይሄው መሆኑ እውነት ነው። ግን ፊልም በእጁ ይዞ ሳያየው የሚመልስ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከየት ይገኛል?

«አምፖል የለንም እኮ» አለች እናኑ።

«ፀሐይ አለችን፤ መስተዋትም አባባ ይሸጣሉ።»

እናኑ ትልቁን መስተዋት ግቢ ውስጥ በሁለት ድንጋይ አስደገፈችው። ጨረሩ በአይጥ ቀዳዳ ገብቶ የመኪናው ወገብ ላይ አረፈ። በሩ ተዘጋ፣ አቡጀዲው ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ናዚፋ «ቢስሚላህ» ብላ እጀታውን ያዘች።

አቡጀዲው ላይ የታየው ጭጋግ ነበር።

«የመኪናውን የመስታወት ዓይን ነክተሻል?»

«በትንሹ…» አለች እናኑ፣ የቅቤ ጣቷን ከኋላዋ ደብቃ።

መስታወቷ ተወልውላ ስትመለስ ደግሞ ፈረሶቹ እግራቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው በጭንቅላታቸው ይጋልቡ ጀመር። ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ። ናዚፋ ፊልሙን ገልብጣ ልታጎርሰው ስትታገል በሩ ተበረገደ።

«የትኛዋ ሌባ ናት ለገበያ ያልኩትን ቅቤ የወሰደች?»

እትዬ አቻምየለሽ ናት። ቁጣዋ ግን አንድ ቃል አልቀጠለም፤ ልጇ እጇን ይዛ ጨው ክምሩ ላይ አስቀመጠቻትና በሩን መልሳ ዘጋች። «እማዬ፣ ዝም ብለሽ ግድግዳውን እይ።»

መጀመሪያ የካህናቱ ባለ ዘርፍ ጥላ መጣ። ከዚያ አቧራ፣ ከአቧራው ውስጥ ፈረሶች። ከሁሉም ፊት አንድ ረዥም ልጅ ጋሻውን አንግቦ ጥርሱ እስኪታይ እየሳቀ መጣ።

«ልጄ! እንዳለው! አባ መብረቅ!» እትዬ አቻምየለሽ ከተቀመጠችበት ተስፈንጥራ እልልታውን አቀለጠችው።

ወዲያው አባ መብረቅ ከኋላ በተወረወረ ዘንግ ተመታና ኮርቻው ላይ ተንገዳግዶ የጥምቀቱ ውሃ ያቦካው ጭቃ ውስጥ ዘጭ አለ። ፈረሱ ብቻውን ሄደ።

«አሸነፈ አላልሽኝም?» አለች ናዚፋ።

«ከመውደቁ በፊት ያለውን ማለቴ ነው» አለች እናኑ፤ ጆሮዋ ቲማቲም መስሏል። እናትየዋ በእንባዋ መሐል ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ የጎረቤት ሴት ድምፅ ተሰማ።

«አቻምየለሽ! እንዳለው መጣ እንዴ? እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!»

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሳቁ እንደ እሳት ጠፋ። እናኑ እየሮጠች ወጥታ እናቷ በሕልሟ እንዳየችው፣ ዛሬ ለመንገደኛ ሁሉ እንደምታወራ ምናምን ብላ ጎረቤቷን ሸኘች። ናዚፋ ግን እጀታውን እንደያዘች ቀረች። አሁን ገባት። ካፒቴኑ የወደደው ፈረስ አልነበረም። ሕዝቡን ሰብስቦ ጉግሱን ያሳየዋል። ሰው ልጁን ሲያይ እልል ይላል፣ ወንድሙን ሲያይ በፈረስ ስሙ ይጠራዋል። የጎጃም ሰው ፈረሰኛ አይቶ ዝም አይልም። ማንም በማንም ላይ ሳያሳብቅ፣ ከተማው በገዛ አፉ ልጆቹን በመልክና በስም ለይቶ ሊሰጥ ነው። በማግስቱ ደግሞ ጨው ነጋዴው ይመጣል።

እትዬ አቻምየለሽም ገብቷታል። ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ድንጋይ እሆናለሁ ያልኩት እኔ፣ ግድግዳ ላይ ላለ ጥላ ጮህኩ!»

«አይሠራም በይው» አለች እናኑ ተመልሳ። «መኪናውን ስበሪውና አይሠራም በይው!»

«ያኔ ፊልሙን አስመራ ይልኩታል። እዚያ እንዲህ ያለ መኪና አይጠፋም።»

«ፊልሙን እናቃጥለዋ!»

«ባዶ ቆርቆሮ ከመለስኩ አባባን ነው የሚይዙ።»

ናዚፋ የታኘከውን ጫፍ አነሳች። ትልቁ መኪና እዚህም እዚያም ነክሶታል። የበላው ማን እንደሆነ ካፒቴኑ ራሱ በዓይኑ አይቷል። በመኪናው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሐኪሙ የተቆረጠ ፊልም የሚያጣብቅበት፣ ሽታው አፍንጫ የሚበጥስ ጠርሙስ አለ። ቆርጣ አጣብቃው ቢታወቅስ? ቤቱ የአባቷ ነው። አባቷ የሉም። ጠርሙሱን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

እትዬ አቻምየለሽ ሐሳቧን እንደ ልጇ አነበበችው። «ልጄ፣ እኔ ቁረጪ አልልሽም። አትቁረጪም አልልሽም። እናትም አባትም ያለሽ ልጅ ነሽ።»

ናዚፋ ፊልሙን ወደ ጨረሩ ከፍ አድርጋ አየችው። ከጥፍር በማትበልጥ ሥዕል ውስጥ እንዳለው ይስቃል።

«እናኑ፣» አለች፣ «ምላጭ አምጭልኝ። ቅቤውን ግን ከእጅሽ ታጠቢ።»

የጉግሱን ክፍል በሙሉ ቆረጠችው። እንዳለው የሚስቅባትን ቁራጭ እትዬ አቻምየለሽ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ የቀረው ምድጃ ገባ። የካህናቱን ጥላ ከጉግሱ ቀጥሎ ካሉት በሬዎች ጋር አጣበቀችና በሚዛን ድንጋይ ተጭና አደረቀችው። ትልቁ መኪና ያኘከው እንዲመስል የመገጣጠሚያውን ዳር በጥርሷ ነካከሰችው። የአባቷን ስም እያነሳች ዱዓ አደረገች፤ መገጣጠሚያው ያዘ።

ሃይለ ሚካኤል ሲመጣ ፊልሙን በጨረሩ ላይ እየጎተተ ተመለከተ።

«ፈረሶቹ የታሉ?»

«ትልቁ መኪና በልቷቸው ይሆናል፣ ጌታዬ። ይኸው ንክሻው፤ የተበጠሰውን አጣበቅሁት።»

አስተርጓሚው ንክሻውን አየ፣ ናዚፋን አየ፣ ከዚያ ፊልሙን ጠቀለለ። «ጥርሱ መጥፎ ነው ብዬው ነበር» አለና ቆርቆሮውን ከድኖ ከመኪናው ጋር ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ማታ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጥላ ታየ፣ በሬዎች አለፉ፣ ውሻ አዛጋ። ስም የጠራው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። «ቦራ! የኔ ቦራ!» ብለው ሲነሱ ካፒቴኑ ዘሎ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። ሃይለ ሚካኤል ያ ስም ባለፈው ክረምት የሞተ የሽማግሌው በሬ ስም እንደሆነ አስረዳው። ሕዝቡ እስኪበቃው ሳቀ፤ ደንበጫ አድረው የመጡት ኢስሃቅም አብረው ሳቁ። ናዚፋ ሁሉንም ልትነግራቸው ወስናለች፤ ከገበያው በኋላ ግን።

በነጋታው ገበያው ሞቀ። ናዚፋ በአባቷ ሱቅ ደጃፍ አቡጀዲ ስትለካ አንድ ረዥም ጨው ነጋዴ ኬላውን አልፎ መጣና ዕቃውን አራገፈ። ሁለት ወታደሮች አጠገቡ ቆመው ሸንኮራ ይልጣሉ። እትዬ አቻምየለሽ ቅቤዋን ይዛ በዚያው መጣች። አንገቷ ላይ ካለው ክታብ ጎን አዲስ የተሰፋ ጠባብ ቆዳ ተንጠልጥሏል።

ናዚፋ መለካቱን አቆመች።

እትዬ አቻምየለሽ ከልጇ ፊት ቆመች። አሞሌውን አንስታ በጣቷ ቆረቆረችው።

«ይሄ ጨውህ እርጥብ ነው» አለች፣ ፊቷን አጨፍግጋ። «መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ወድቀህበት ነው መሰል።»

«አልወደቅሁም፣ እማማ» አለ ነጋዴው፤ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ።

«ወድቀሃል። ያየ ሰው ነግሮኛል። ለወደፊቱ አጥብቀህ ያዝ።» አሞሌውን ወሰደች፣ ቅቤዋን አስቀመጠችለት፣ ዞር ሳትል መንገዷን ቀጠለች። በናዚፋ ደጅ ስታልፍ እጇ ደረቷ ላይ ያለችውን ጠባብ ቆዳ ጨምድዶ ይዟት ነበር።

ናዚፋ ቀና ብላ ጨው ነጋዴውን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለማየት ልቧ ፈለገ። አጎንብሳ አቡጀዲዋን ከመጀመሪያው ክንድ ትለካ ጀመር።