ጭርቱ እንዳይድን

ሄርሞን ጭርቷ እንዳይድንላት ትጸልይ ነበር ብል ታምናላችሁ? እመኑኝ።

መገናኛ ጫማ ቤት ውስጥ ሻጭ ናት። አንገቷ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ጭርት ወጣባትና በሻርፕ ሸፍናው ከረመች። አንድ ክሊኒክ ውስጥ አዲስ ቅባት በነጻ ይሞከራል ሲሏት ሄደች። ጥናቱን ለመመረቂያው የሚሠራው ላጲሶ የሚባል የፋርማሲ ተማሪ ነው፤ ረጅም፣ ዓይን አፋር፣ የጋውኑ እጅጌ ያጠረበት።

«መድኃኒቱ ድሮም ነበረ፤» አላት ጭርቷን በማስመሪያ እየለካ። «ግን ውሃ አያሟሟውም። ሲቀቡት ቆዳ ላይ ቁጭ ይላል እንጂ አይገባም። እኔ በዓይን በማትታይ የዘይት ጠብታ አሟሙቼ ጄል ውስጥ ጨመርኩት። ጠብታዋ ይዛው ትገባለች።»

«ወያላ ናት በለኛ!»

ሳቀ። በቃ፣ ልጅቷ አለቀላት።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ልትለካ ትሄዳለች። በሌላው ቀን እግሯ አያርፍም፤ አርባ ቁጥር ሲጠይቋት ሠላሳ ሰባት ታወጣለች። በሦስተኛው ሳምንት ጭርቱ ደበዘዘ። ከዳነ ደግሞ ቀጠሮ የለም!

መቀባቷን ተወች። ጭርቱም አላሳፈራትም፣ ተመልሶ ቀላ።

በአራተኛው ማክሰኞ ላጲሶ ግራ ገባው፤ በአምስተኛው ሳይስቅ ለካት።

«ብሶብሻል። ጄሉ ሲቆይ ይበላሻል ማለት ነው። ነገ ሁሉንም ደፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር ነው።»

«መመረቂያህስ?»

«ዘንድሮ የለም።»

ሻርፗን እንኳ ሳታነሳ ወጣች። የቦሌ መድኃኔዓለም ታክሲ ውስጥ ገባች። ጥፋቷ አላስቀምጣት አለ። «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች፤ ገና መንገዱ ሳይጋመስ ወርዳ በእግሯ እየሮጠች ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች።

ቅባቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ግማሹ አለ።

«ጄልህ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ያልተቀባሁት።»

«ለምን?»

ውጭ አንድ ወያላ «ገርጂ! ገርጂ!» ይላል።

«ከዳንኩ በምን አመካኝቼ ልምጣ?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ደግሞ ተቆጣ። «ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ እኮ፣ ሄርሞን!»

«አውቃለሁ። ስደበኝ።»

አልሰደባትም። ፋይሏን አውጥቶ መድኃኒቱን ማቋረጧን ጻፈበት፣ ፈረመበት፣ ዘጋው።

«ከጥናቱ ወጥተሻል።»

እንባዋን እንዳያይ ፊቷን አዙራ ወደ በሩ ሄደች።

«ቆይ! ጥናቱ ውስጥ ያለን ሰው ሻይ እንኳ መጋበዝ ክልክል ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ እስክትድኚ ስጠብቅ ነበር።»

ሄርሞን ቆመች። እሷ ላለመዳን ስትለፋ፣ እሱ የምትድንበትን ቀን ሲቆጥር!

«አንተ! እና አፍ የለህም?»

«አሁን ተናገርኩ አይደል? መጀመሪያ ግን ተቀቢ።»

ቅባቱን ነጥቃ አንገቷን ሙሉ ለቀለቀችው።

«ኧረ በዛ!»

«ይብዛ! ሻርፔን አቀብለኝና እንሂድ።»